ዩኒቨርሲቲ ስለ ራሱ ሲመሰክር

ሰው ዕድሜውን ሲጠየቅ ቀንሶ መናገር ይወዳል፤ የታላላቅ ትምህርት ቤቶች ጠባይ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የተመሠረቱበትን ዘመን ወደ ኋላ መግፋት ክብር ስለሚመስላቸው፣ ስለ ጥንታዊነታቸው ራሳቸው የጻፉትን ሁሉ አምኖ መቀበል ለታሪክ ጸሐፊ አደገኛ ነገር ነው። ይህ አደጋ ዛሬ የሚያሳስበው ደግሞ ሊቃውንትን ብቻ አይደለም። ዊኪፔዲያ በተባለው፣ በኢንተርኔት በሚነበበው መዝገበ ዕውቀት ላይ ያለ ደመወዝ የሚጽፉና የሚያርሙ በጎ ፈቃደኞች፣ ስለ ዩኒቨርሲቲዎችና ስለ ተማሪዎች ኑሮ ሲጽፉ «ይህን ነገር ማን መሰከረ?» እየተባባሉ ይከራከራሉ። ክርክሩ አዲስ ይመስላል እንጂ ከአራት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1564 የእንግሊዝ ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ካምብሪጅን በጎበኘች ጊዜ፣ በዩኒቨርሲቲው ስም ንግግር ያደረገው ሰው ካምብሪጅ ከኦክስፎርድ የቀደመ መሆኑን በፊቷ ተናገረ። ኦክስፎርዶች ይህን ሰምተው ዝም አላሉም። ቶማስ ኪዝ የተባለ የኦክስፎርድ ሰው የዩኒቨርሲቲውን ቀዳሚነት የሚያስረዳ ጽሑፍ አዘጋጀ። ጆን ኪዝ የተባለው የካምብሪጅ ሐኪም ደግሞ በ1568 መልሱን በመጽሐፍ አሳተመ። የሁለቱ ተከራካሪዎች ስም መመሳሰሉ ያስቃል፤ ይበልጥ የሚያስቀው ግን ያቀረቡት ማስረጃ ነው። አንደኛው ወገን ንጉሥ አልፍሬድን ሲጠራ፣ ሌላው ከክርስቶስ ልደት በፊት መጣ የሚባለውን ካንታበር የተባለ የእስፓኝ ልዑል መሥራች አድርጎ አቀረበ። ሁለቱም የተማሩ ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱም መጽሐፍ ይጠቅሱ ነበር። ይሁን እንጂ የሚጠቅሱት መጽሐፍ ራሱ ከየት እንዳገኘው አጥብቆ የጠየቀ አልነበረም።

የአልፍሬድ ነገር ከዚያ በፊትም ሥር የሰደደ ነበር። በኦክስፎርድ ከሚገኙት ኮሌጆች አንዱ የሆነው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የቆመው፣ በ1249 የሞተው የደርሃሙ ዊልያም ለመምህራን መደጎሚያ ብሎ በተናዘዘው ገንዘብ ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ግን ኮሌጁ በርስት ምክንያት ክስ ገጠመው፤ በዚህ ጊዜ ለንጉሡ አቤቱታ ሲያቀርብ መሥራቹ የንጉሡ ቅድመ አያት አልፍሬድ እንደ ሆነ ገለጸ። በችግር ጊዜ የንጉሥ ዘመድ መሆን እንደሚጠቅም ማንም ባለጉዳይ ያውቃል። ለአንድ ሙግት የተፈለገው ቃል ግን ከሙግቱ በኋላም አልጠፋም። በ1727 በኮሌጁ አለቃ ምርጫ ምክንያት ሌላ ክርክር ተነሥቶ ከንጉሡ ችሎት ፊት ሲደርስ፣ ፍርድ ቤቱ ኮሌጁ በንጉሥ የተመሠረተ ነው ብሎ ወሰነ። ከቀድሞ የኮሌጁ መምህራን አንዱ የነበረው ዊልያም ስሚዝ በሚቀጥለው ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ የመዛግብቱን ቃል እየጠቀሰ መሥራቹ የደርሃሙ ዊልያም መሆኑን ቢያስረዳም፣ ኮሌጁ በ1872 የሺህኛ ዓመት በዓሉን አክብሯል።

እንግዲህ ከ1727 በኋላ ስለዚህ ኮሌጅ የሚጽፍ ሰው በእጁ የኮሌጁ ምስክርነትና የፍርድ ቤት ውሳኔ ነበረው። በላዩም የታተመ የጥንት መጽሐፍ ተጨምሮለታል። የአልፍሬድን የሕይወት ታሪክ የጻፈው በዘመኑ የነበረው ኤጲስ ቆጶስ አሰር ነው። በ1574 ሊቀ ጳጳሱ ማቴዎስ ፓርከር ይህን መጽሐፍ ሲያሳትም ስለ ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ አንዳች ቃል አልነበረበትም። በ1600ዎቹ መጀመሪያ ዊልያም ካምደን ባወጣው እትም ግን በአልፍሬድ ዘመን በኦክስፎርድ መምህራን መካከል ጠብ እንደ ነበረ የሚናገር ክፍል ገብቶበት ተገኘ። (ፓርከርም ቢሆን ከነቀፋ አያመልጥም፤ ንጉሡ እንጀራ አሳረረ የሚለውን ታዋቂ ተረት ከሌላ መጽሐፍ አምጥቶ ያስገባ እርሱ ነው።) ይባስ ብሎ አሮጌው የብራና ቅጂ በ1731 በኮተን ቤተ መጻሕፍት በደረሰው እሳት ተቃጠለ። ሊቃውንት ያ ክፍል የአሰር ቃል አለመሆኑን የተረዱት የቀሩትን እትሞችና ቅጂዎች አንዱን ካንዱ በማመሳከር ነው።

ዊኪፔዲያ ጥር 15 ቀን 2001 ሲጀመር እንዲህ ያለውን ማመሳከር የሚያዝ ጽኑ ደንብ አልነበረውም። በ2000 የተጀመረው ቀዳሚው ኑፔዲያ ሊቃውንት እያረሙ ብቻ የሚያወጡት ስለ ነበረ ሥራው ተንቀራፎ ነበር፤ አዲሱ ግን ማንም ሰው እንዲጽፍበት ተከፈተ። በ2005 አንድ ሰው በአንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ የሕይወት ታሪክ ላይ ከፕሬዚደንት ኬኔዲ መገደል ጋር የሚያያይዘውን ሐሰት ጽፎ ለወራት ሳይታረም ከቆየ በኋላ የምንጭ ጥያቄ ይበልጥ ጠበቀ። ደንቡ በአጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፤ ጸሐፊው እውነት መሆኑን ማወቁ አይበቃም፣ አንባቢው ሊያመሳክረው የሚችል የታተመ ምንጭ ሊያሳይ ይገባዋል። ዩኒቨርሲቲ ስለ ራሱ የጻፈው ለፕሬዚደንቱ ስምና ይህን ለመሰለ ተራ ነገር ይጠቀስ ይሆናል፤ «ከሁሉ የቀደምኩ ነኝ» ሲል ግን ሌላ እማኝ ይጠየቃል።

ዛሬም በፌዝ ከተማ ስላለው ቀራዊዪን ሲጻፍ ነገሩ እንደዚሁ ነው። በ859 ፋጢማ አል ፊህሪ መሠረተችው የሚለው ቃል የሚገኘው ከዚያ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ከጻፈው ከኢብን አቢ ዛር መጽሐፍ ነው። ዩኒቨርሲቲ ተብሎ የተሰየመው ደግሞ በ1960ዎቹ ውስጥ ነው። ስለዚህ አንዱ የዓለም የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ይለዋል፤ ሌላው መስጊድና መድረሳ ነበረ እንጂ በቦሎኛና በፓሪስ ትርጉም ዩኒቨርሲቲ አልነበረም ይላል። በእኔ አስተያየት ሁለቱንም ከነምስክሮቻቸው መጻፍ አንዱን ከመደምሰስ ይሻላል።

ከደንቡ ሌላው ቁም ነገር የጸሐፊው ማዕረግ ምንጭን አለመተካቱ ነው። ከበጎ ፈቃደኞቹ አንዱ በአንድ የግል ዩኒቨርሲቲ የሃይማኖት ትምህርት ፕሮፌሰር ነኝ ይል ነበር። በ2006 አንድ ታዋቂ የአሜሪካ መጽሔትም ይህንኑ አምኖ ጻፈው። በሚቀጥለው ዓመት ግን የተባለው ማዕረግ የሌለው የሃያ አራት ዓመት ወጣት መሆኑ ታወቀ። ከመሥራቾቹ አንዱ ጂሚ ዌልስ ማዕረግ የሚመረመርበት ሥርዓት እንዲኖር ሐሳብ ቢያቀርብም በጎ ፈቃደኞቹ አልተቀበሉትም። ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም፤ ፕሮፌሰርም ቢሆን ምንጩን ካላሳየ እንደ ተማሪው ይጠየቃል፣ ተማሪም ምንጩን ካሳየ እንደ ፕሮፌሰሩ ይሰማል።

የተማሪዎችን ኑሮ በሚመለከት ግን ነገሩ ይከብዳል። የመኝታ ቤት ልማድ፣ የአዲስ ገቢዎች አቀባበል፣ የምግብ ቤት አድማ፣ የክበባት ፉክክር፤ እነዚህን የሚጽፍ የታሪክ ሊቅ ጥቂት ነው፤ የሚጽፋቸው የተማሪዎቹ ጋዜጣ ነው። ይህ ጋዜጣ ይታመናል ወይስ አይታመንም? ከረጅም ክርክር በኋላ በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ የተደረሰበት ስምምነት እንዲህ ይላል፦ እንደ ሃርቫርድ ክሪምሰን ያለ፣ ከ1873 ጀምሮ የታወቀ ጋዜጣ ስለ ግቢውና ስለ አካባቢው ለሚያወራው ነገር ይታመናል። ይሁን እንጂ የቤቱ ልጅ ስለ ሆነ፣ የግቢው ክበብ ወይም ማኅበር ለራሱ አንድ አንቀጽ የሚገባው መሆኑን በእርሱ ብቻ ማስረዳት አይቻልም። አካሄዱ እንደ ዳኝነት ነው፤ የቤት ልጅ በቤቱ የሆነውን ሊመሰክር ይችላል፣ ቤቱ ከጎረቤት ቤት ሁሉ የከበረ ነው ሲል ግን አይሰማም።

በአገራችን ይህ ደንብ ሲሠራበት የሚገጥመውን ማየት ይገባል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ልደቱን የሚቆጥረው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ከተከፈተበት ከ1950 ነው፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተባለው ግን በ1961 ነው፤ የዛሬውን ስሙን ያገኘው በ1975 ነው። ሦስቱም ዓመታት እውነት ስለ ሆኑ፣ የሚጽፍ ሰው የቱን ለምን እንደ መረጠ ሊገልጽ ይገባዋል። ይህ ቀላሉ ነው። ስለ ተማሪዎቹ ኑሮ ቢፈለግ «ኒውስ ኤንድ ቪውስ» እና «ስትራግል» የተባሉት የተማሪዎች ጋዜጦች አሉ። ከግቢው ውጭ ያለ ምስክር ካስፈለገም የኖርዌዪቱ የታሪክ ጸሐፊ ራንዲ ባልስቪክ በ1985 ስለ ተማሪዎቹ ያሳተመችው መጽሐፍ አለ፤ የፕሮፌሰር ባሕሩ ዘውዴም መጽሐፍ በ2014 ወጥቷል። ደንቡ ምንጩ በኢንተርኔት ይገኝ አይልም፤ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ያለ ቢጫ ወረቀትም ይበቃዋል። ችግሩ ግን ሩቅ አገር ያለው አራሚ ወረቀቱን አውጥቶ ማየት ስለማይችል መጠራጠሩ ነው። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ በመሆኑም፣ ወረቀቱን አይቶ የሚመሰክርለት ሌላ ጸሐፊ አያገኝም።

እነዚህ መጻሕፍት ደግሞ በአብዛኛው የሚናገሩት ስለ ሰልፉና ስለ ፖለቲካው ነው። በኮሌጅ ቀን በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ከተነበቡት ግጥሞች አንዳንዶቹ ታትመው ቀርተዋል፤ ግጥሙ ሲነበብ በአዳራሹ የነበረውን ጸጥታና ጭብጨባ፣ ተማሪዎቹ ለመምህራኖቻቸው ያወጡትን ቅጽል ስም፣ ከጠቅላይ ግዛት የመጣው ልጅ የመጀመሪያውን ሌሊት በመኝታ ቤት እንዴት እንዳሳለፈ ግን ብዙውን የያዘው የሰው ትዝታ ነው። ደንቡ ትዝታን በቀጥታ አይቀበልም። አንድ ሽማግሌ ይህን ለልጅ ልጁ ቢነግረውና ልጁ ወስዶ ቢጽፈው፣ ምንጭ የለውም ተብሎ ይሰረዛል፤ ሽማግሌው ያንኑ በመጽሔት ወይም በመጽሐፍ ቢያሳትመው ግን «እገሌ እንደ ጻፉት» ተብሎ ሊገባ ይችላል። በ1950 ወደ ኮሌጁ ከገቡት መካከል ዛሬ በሕይወት የሚገኝ ቢኖር ዕድሜው ከዘጠና ዓመት በላይ ነው።