በአጥንት ምትክ የሚተከል ታይታኒየም፡ በቀዳዳዎቹ የሚቀረው ዱቄት እንዴት ይወጣል?

ዳሌያቸው ለተጎዳ ሰዎች ከሚተከሉት ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያዎች አንዳንዶቹ የሚሠሩት በተለምዶ ስሪ ዲ ፕሪንተር በሚባለው ማሽን ነው። ማሽኑ የታይታኒየም ዱቄት በስሱ ያነጥፋል፤ የተፈለገውን ቦታ ብቻ በሌዘር ወይም በኤሌክትሮን ጨረር ያቀልጣል፤ በላዩም ሌላ ንጣፍ ይደርባል። ሥራው ሲያልቅ ዕቃው የሚገኘው ባልቀለጠ ዱቄት ተቀብሮ ነው።

አጥንት የሚነካው ገጽ ሆን ተብሎ እንደ ስፖንጅ ባለ ቀዳዳ ይደረጋል፤ የታካሚው አጥንት ወደ ውስጥ አድጎ እንዲይዘው ነው። የቀዳዳዎቹ ስፋት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። በሌዘር ማሽን የሚገባው ዱቄት ደግሞ በአብዛኛው ከ15 እስከ 45 ማይክሮን ነው፤ 1000 ማይክሮን አንድ ሚሊ ሜትር መሆኑን ልብ ይሏል። ከጤፍ ፍሬ እጅግ የደቀቀው ይህ ዱቄት በጠመዝማዛው መተላለፊያ ውስጥ ይሸሸጋል። ሳይወጣ ቢቀር በሰውነት ውስጥ ተላቅቆ የመገጣጠሚያውን ልስልስ ገጽ ሊፍቅ፣ ብግነት ሊያስከትል፣ ለአጥንቱ የተተወውንም ቦታ ሊዘጋ ይችላል።

በሌዘር በተሠራው ላይ ልል የሆነው ዱቄት በማንቀጥቀጥ፣ በማገላበጥና በታመቀ አየር ይወጣል፤ ቀጥሎም ዕቃው በድምፅ ሞገድ በሚናወጥ ፈሳሽ ይታጠባል። በኤሌክትሮን ጨረር ሲሠራ ግን ዱቄቱ በሙቀቱ ስለሚጋገር ያንኑ ዓይነት ዱቄት በአየር ግፊት በመርጨት ይፈረፈራል። ዱቄትን በዱቄት ማጽዳት እንግዳ ቢመስልም ምክንያት አለው፤ አሸዋ ቢረጭ ሌላ ባዕድ ነገር በቀዳዳው ሊቀር ይችላል።

በግማሽ ቀልጠው ከግድግዳው የተጣበቁት ቅንጣቶች በዚህ አይላቀቁም። እነርሱን ለማንሳት አሲድ ይሠራል፤ ዕቃው በአሲዱ ከልክ በላይ ከቆየ ግን ቀጫጭኖቹ ዘንጎች ሳስተው ጥንካሬያቸው ይቀንሳል።

ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። ብረቱን ለማጠንከርና ውጥረቱን ለማርገብ ወደ ምድጃ ከመግባቱ በፊት ዱቄቱ መውጣት አለበት፤ አለዚያ እዚያው ይጋገርና የሚያወጣው አይገኝም።

ከውጭ አይቶ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። አምራቾች ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ይመዝኑታል፤ ውስጡን በረቂቅ ሲቲ ስካን ያያሉ፤ ናሙናም ቆርጠው ይመረምራሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ባለ ቀዳዳ ዕቃዎችን ማጽዳት አስቸጋሪ መሆኑን ጠቅሶ ለቅሪቱ ትኩረት ሰጥቷል።

ማምከን ይህን ሥራ አይተካም፤ ጀርም ይገድላል እንጂ ዱቄት አያወጣም። ስለዚህ ጽዳቱ የሚያልቀው ዕቃው ታሽጎ ወደ ሆስፒታል ከመላኩ በፊት፣ ከአምራቹ ዘንድ ነው።