ሙሐመድ አታላ፦ ከፖርት ሰዒድ እስከ ኪሳችን



ባለፈው ረመዷን ከዐስር ሶላት በኋላ ለወጣቶች ደርስ እየሰጠሁ ሳለ ሞቅ አለኝና «በእጃችሁ የያዛችሁትን ስልክ ብቻውን የፈለሰፈው ሙሐመድ የሚባል ግብፃዊ ነው!» አልኩ። ተክቢራ አስተጋባ። ደርሱ ሲያልቅ ኤሌክትሪካል ምህንድስና የሚማር አንድ ወጣት ቀስ ብሎ ተጠጋኝ። «ኡስታዝ፣ አፉ በሉኝ። ሙሐመድ አታላን ማለትዎ ከሆነ እሱ የሠራው ስልክ ሳይሆን ትራንዚስተር ነው። አብሮት የሠራ ኮሪያዊም አለ። መንገዱን የጠረጉም ከሱ በፊት ነበሩ» አለኝ። አፈርኩ። እኔ ያነበብኩት ሰው ያጋራውን አጭር ጽሑፍ ብቻ ነበር። ይህንን የምጽፈው ያንን ንግግሬን ለማረም ነው፤ እውነተኛው ታሪክ ደግሞ እኔ ካጋነንኩት የበለጠ የሚያስተምር ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሙሐመድ አታላ እ.ኤ.አ. በ1924 በግብፅ የወደብ ከተማ ፖርት ሰዒድ ተወለደ። የቤተሰቡ ስም በዐረብኛ ዐጣኡላህ ነው፤ «የአላህ ስጦታ» ማለት ነው። የመጀመሪያ ዲግሪውን በካይሮ ዩኒቨርሲቲ ካገኘ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ቀጠለ፤ በ1949 ዶክትሬቱን ተቀበለ። ልብ በሉ፣ የተማረው ሜካኒካል ምህንድስና ነው። የኤሌክትሮኒክስን ዓለም ለመለወጥ የበቃው ከሌላ ትምህርት ዘርፍ መጥቶ ነው። በዚያው ዓመት ቤል ላብስ በሚባለው ዝነኛ የምርምር ተቋም ተቀጠረ። እዚያም «ጆን»፣ «ማርቲን» በሚሉ ስሞች ይጠራ ስለነበር፣ ሥራውን የሚያውቁ ብዙዎች ሙሐመድ መሆኑን ሳያውቁ ቀሩ።

ትራንዚስተር ምንድን ነው? በቀላሉ፣ የኤሌክትሪክ ቧንቧ መክፈቻ ነው። ክፍት ሲሆን ኤሌክትሪክ ያልፋል፣ ሲዘጋ ይቆማል። ኮምፒውተር ሁሉንም ነገር የሚያሰላው በእነዚህ «ክፍት» እና «ዝግ» ነው። የመጀመሪያው ትራንዚስተር በዚያው በቤል ላብስ በ1947 ባርዲን እና ብራተን በተባሉ ሳይንቲስቶች ተሠርቷል፤ ከሾክሊ ጋር ሆነው በ1956 የኖቤል ሽልማት አገኙበት። ነገር ግን ሌላ፣ ከዚህ የቀለለ ሐሳብ ቀድሞ ነበር። ሊሊየንፌልድ የተባለ ሰው በ1920ዎቹ፣ መክፈቻው የኤሌክትሪኩን መንገድ ሳይነካ ከላይ ሆኖ በኤሌክትሪክ ኃይል ብቻ እንዲከፍትና እንዲዘጋ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ለብዙ ዓመታት የሞከሩት ሁሉ አልተሳካላቸውም። ምክንያቱን ያብራራው ባርዲን ነው፤ በቁሱ ገጽ ላይ ኤሌክትሮኖችን ይዘው የሚያስቀሩ ወጥመዶች አሉ፤ ከላይ የሚመጣው ኃይል እነሱ ጋ ይቀራል እንጂ ወደ ውስጥ አይዘልቅም።

አታላ የገባው እዚህ ላይ ነው። ሲሊከን ከአሸዋ የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው። በከፍተኛ ሙቀት ከኦክሲጅን ጋር ሲገናኝ በላዩ ላይ ስስ የመስታወት ሽፋን ይበቅላል። ይህ ሽፋን ለሥራ እንደሚጠቅም ፍሮሽ እና ዴሪክ የተባሉ የቤል ላብስ ባልደረቦች በ1955 አስተውለው ነበር። አታላና ቡድኑ ደግሞ፣ ሲሊከኑ በደንብ ጸድቶ ሽፋኑ በጥንቃቄ ከበቀለ እነዚያ ወጥመዶች በእጅጉ እንደሚቀንሱ በ1950ዎቹ መጨረሻ አሳዩ። ብረትን ዝገት ይበላዋል፤ ሲሊከንን ግን የራሱ «ዝገት» ይጠብቀዋል። ሱብሓነላህ!

ከዚያ አታላ በዚህ ሽፋን ላይ ብረት ተለብጦ ያ የቆየ ሐሳብ እንዲሞከር አቀረበ። ሥራውን አብሮት የሠራው ዳዎን ካንግ ነው። ካንግ በ1931 ሴኡል ተወልዶ፣ በአሜሪካ ዶክትሬቱን ጨርሶ፣ በ1959 ቤል ላብስ የገባ ወጣት ነበር። መሣሪያው ሠራ፤ በ1960ም ለባለሙያዎች ቀረበ። ስሙ ሞስፌት ይባላል።

ጭብጨባ ግን አልነበረም። አዲሱ ትራንዚስተር በጊዜው ከነበሩት ይልቅ ዘገምተኛ ስለነበር የገዛ ተቋማቸው ችላ አለው። አታላ በ1962 ቤል ላብስን ለቀቀ። ሐሳቡን ሌሎች ኩባንያዎች ያዙት፤ ለመሥራት ቀላል፣ ለማሳነስም የሚመች ነበርና። ኢንቴል በ1971 ያወጣው የመጀመሪያ ማይክሮፕሮሰሰር ወደ 2,300 የሚሆኑ ትራንዚስተሮች ነበሩት። ዛሬ በአንድ ዘመናዊ ስልክ ቺፕ ውስጥ ከ10 ቢሊዮን በላይ አሉ፤ የዚያ ሥራ ዘሮች ናቸው።

አታላ በዚህ አላበቃም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በስሙ ኩባንያ አቋቁሞ «የአታላ ሳጥን» የተባለውን መሣሪያ ሠራ። ኤቲኤም ላይ የምናስገባው የሚስጥር ቁጥር በግልጽ እንዳይጓዝ፣ ወደ ማይነበብ ኮድ ቀይሮ የሚጠብቅ ነው። የሰው ገንዘብ አማና ነው፤ እሱም ለዚህ አማና ቁልፍ ሠራለት ማለት ነው። በ2009 አታላ እና ካንግ በአሜሪካ የፈጣሪዎች የክብር መዝገብ ላይ አብረው ሰፈሩ። ካንግ ግን በ1992 ሞቶ ስለነበር አላየውም። አታላም በ2009 ዲሴምበር 30 ቀን ካሊፎርኒያ ውስጥ በ85 ዓመቱ አረፈ።

እንግዲህ ወደ እኔ ስህተት ልመለስ። መድረሳ ስንማር ሐዲሥ ያለ ሰነድ አይወሰድም ተብለናል። ሰንሰለቱ ላይ ያለ እያንዳንዱ ሰው በስሙ ይጠራል፤ አንዱ ከተዘለለ ሰነዱ ይቆረጣል። እኔ ግን በዚያ ደርስ ሊሊየንፌልድን፣ ባርዲንን፣ ፍሮሽን፣ ዴሪክን፣ ካንግን ቆርጬ ጥዬ አንድ ስም ብቻ አስቀረሁ። የኛን ሰው ከፍ ያደረግሁ መስሎኝ የሌላውን ሐቅ በላሁ። ዲናችን ደግሞ ከሰው ሐቅ መቀነስን ከልክሏል፤ ሰውየው እምነታችንን ይጋራም አይጋራም።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። «ሁሉንም የሠራነው እኛ ነን» የሚለው ወሬ ልጆቻችንን ያስተኛል። ሥራው ካለቀማ ምን ቀረን? እውነተኛው ታሪክ ግን ይቀሰቅሳል፦ ከፖርት ሰዒድ የመጣ ልጅ፣ ባልተማረው ዘርፍ ገብቶ፣ ሌሎች ያቆሙበትን አንሥቶ፣ ባልደረባው አብሮት ሠርቶ፣ ያልተጨበጨበለትን ሥራ ለዓለም ተወ። ሰንሰለቱ አልተዘጋም። የናንተ ስም የሚገባበት ቦታ አለ።

ያ ወጣት በሚቀጥለው ሳምንት ደርሱን ከኔ ጋር ሰጠ። ትራንዚስተሩን በጠመኔ ሥሎ ያስረዳው እሱ ነው፤ እኔ በአዳማጮቹ መካከል ተቀመጥኩ። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲደርሳችሁ ከማጋራታችሁ በፊት አጣሩ። የኔንም ጭምር።

አላህ ጠቃሚ ዒልም ይስጠን፣ በሐቅ ከሚናገሩትም ያድርገን። ወላሁ አዕለም።