ዐደባባይን ዐደባባይ የሚያደርገው



ዐደባባይ የሚለው ቃል በቋንቋችን የድንጋይ ንጣፍ ስም አይደለም። በቀድሞው ዘመን ዐደባባይ ማለት ባለጉዳይ አቤት የሚልበት፣ ዳኛ የሚሰየምበት፣ የመንግሥት ቃል የሚሰማበት ሥፍራ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን የተሸሸገ ነገር ሲገለጥ «ዐደባባይ ወጣ» እንላለን። ከተማን ስለ ማስዋብ ብዙ በሚነገርበት በዚህ ጊዜ፣ የአዲስ አበባ እምብርት የሆነችውን የአራዳን ታሪክ ማስታወስ የተገባ መስሎ ታይቶናል።

አራዳን የነደፈ መሐንዲስ የለም። ከተማዪቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ገበያ ቆመ፤ ገበያውም ቦታውን ሠራው። ጤፉ፣ ማሩ፣ ቅቤው፣ አሞሌ ጨውና ከባሕር ማዶ የመጣው ጨርቅ በየተራው ይዘረጋል፤ ዋጋው በማርያ ቴሬዛ ብር ይቈረጣል። ነጋሪት ተጐስሞ አዋጅ የሚነገረውም እዚያው ነበር፤ አዋጅ ሰው ካለበት እንጂ ሰው ከሌለበት አይነገርምና። ሥርዓት የሚያስከብሩት ጠባቂዎች እንኳ ስማቸው ከቦታው ተወስዶ የአራዳ ዘበኛ ተባሉ። ቅቤ ሊሸጥ የመጣ ገበሬ ወሬ ሰምቶ፣ ዘመድ ጠይቆ፣ የተጣላውን ታርቆ ይመለሳል። ብልጥና ከተሜ የሆነውን ሰው እስከ ዛሬ «አራዳ» የምንለው ከዚሁ የተነሣ ነው፤ ለቋንቋችን እንዲህ ያለ ቃል ያወረሰ ሌላ ዐደባባይ አላውቅም።

ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚያው በቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። በንግሡ ዋዜማ የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ተመረቀ። ሐውልቱ የቆመው በባዶ ሜዳ ላይ አልነበረም፤ ሕዝቡ መምጣቱን አስቀድሞ ከለመደበት ሥፍራ ነው።

ጠላት አገራችንን በያዘበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ይህን ጠንቅቆ ያወቀ ይመስላል። ሐውልቱን ነቅሎ ቀበረው። ከዚህም በላይ ነጩንና ጥቁሩን የሚለይ የከተማ ፕላን አውጥቶ ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛወረና «መርካቶ ኢንዲጄኖ»፣ ማለትም የአገሬው ሰው ገበያ አለው፤ አራዳም ፒያሳ ተባለች። ከነጻነት በኋላ ሐውልቱ ተቈፍሮ ወጥቶ በክብር ወደ መቀመጫው ተመለሰ። ገበያው ግን አልተመለሰም። መርካቶ በራሱ ሕይወት አደገ፤ አራዳም በወርቅ ሠሪዎች፣ በቡና ቤቶችና በሲኒማ ሌላ ኑሮ ጀመረች። የቀድሞውን ገበያ የሚያስታውሰው አትክልት ተራ ብቻ ቀረ ማለት ይቻላል።

ዊልያም ኋይት የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኒውዮርክ ዐደባባዮች ፊልም እያነሣ ሰው የት እንደሚቀመጥና የት እንደማይቀመጥ ሲቈጥር ከርሞ፣ የደረሰበትን እ.ኤ.አ. በ1980 በመጽሐፍ አወጣው። ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ካለበት ነው፤ የሚበላ የሚጠጣ የሚሸጥ ሰው ሌላውን ይስባል፤ ሰውም ሰው ወዳለበት ይሄዳል አለ። ሻይ የምታፈላ የሰፈራችን ሴት ይህን ሁሉ ያለ ፊልም ታውቀዋለች። ይሁን እንጂ ዕቅድ አውጪዎች ቈጥሮ የሚያሳያቸው ሰው ማስፈለጉ አልቀረም።

ወደ መስቀል ዐደባባይ ብንሻገር ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ይህ ሥፍራ የደመራ ቦታ ነው፤ በደርግ ዘመን አብዮት ዐደባባይ ተብሎ ሰልፍ ይታይበት ነበር። ሰልፉ ሲቀር ለተመልካች ያገለግሉ የነበሩትን ረጃጅም ደረጃዎች ማንም ሳይመራቸው ሯጮች ወረሷቸው፤ ንጋት ላይ ከዳር እስከ ዳር ይሮጡባቸዋል። በኅዳር 1994 ዓ.ም. 10,000 ሰዎች የተካፈሉበት የመጀመሪያው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ተካሄደ፤ ውድድሩም ከዚህ ዐደባባይ ጋር የተያያዘ የየዓመቱ በዓል ሆነ። ዐደባባዩ በ2013 ዓ.ም. ታድሶ፣ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶለት ሲመረቅም ሯጩ አልተለየውም።

አትክልት ተራስ ምን ሆነ? በ2012 ዓ.ም. ስለ ኮሮና በሽታ ሻጮቹ ወደ ጃን ሜዳ ተወሰዱ። ጃን ሜዳ ግን የጥምቀት ሥፍራ ነው። ስለዚህ በ2013 ዓ.ም. ከበዓሉ አስቀድሞ ገበያው ዳግመኛ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውሮ ሜዳው ጸዳ። ምእመናን ቦታው የማን እንደሆነ አጥብቀው ስለሚያውቁ ሜዳው ተመለሰላቸው። ለሽንኩርት ሻጩ እንዲህ ብሎ የሚሟገትለት አልነበረም፤ ከፒያሳም እንደ ወጣ ቀረ።

በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በአራዳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛወሩ። በቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራትና መቀመጫ ተሠራ። ማታ ማታ በብርሃኑ ሥር የሚንሸራሸረው ሕዝብ ቀላል አይደለም፤ ቀድሞ የእግረኛ መሄጃ ባልነበረበት ሥፍራ ሕፃን ይዞ መራመድ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የሚንሸራሸር ሰው እንግዳ ነው፤ ጠዋት በሩን ከፍቶ የሚጠርግ፣ ማን እንደመጣ ማን እንደቀረ የሚያውቅ ባለቦታ ያስፈልጋል። እርሱ ከሩቅ ሰፈር በአውቶቡስ አይመጣም።

ካርታ ዘርግታችሁ የምትሠሩ የመሥሪያ ቤት ሰዎች እዚህ ላይ ልትመለከቱት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። በፕላኑ ላይ ዛፉ፣ መብራቱና አግዳሚው ወንበር እያንዳንዱ ምልክት አለው። የሊስትሮው ሣጥን፣ የመጽሐፍ አዟሪው ጥግና የጀበና ቡናዋ ግን ምልክት የላቸውም። ምልክት ስለሌላቸውም ደንብ አስከባሪው ሲደርስ የሚያሳዩት ወረቀት የላቸውም። በሚቀጥለው ፕላን ላይ ቦታቸው በቁጥርና በልክ ይጻፍላቸው፤ የሚሠሩበትም ሰዓት አብሮ ይወሰን።