ጠመንጃውና ባለ እጁ

በዓል በሚከበርበት ቀን ጎፈር የደፉ አረጋዊ አባት አሮጌ ጠመንጃ በትከሻቸው አድርገው በመስቀል አደባባይ ሲያልፉ ብንመለከት፥ ሁላችንም የምንጠይቀው «ይህ መሣሪያ በየትኛው ጦርነት ተተኮሰ?» ብለን ነው። «ማን ጠግኖ አቆየው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ከታሪካችን አንድ የተዘነጋ ክፍል ስለሚገልጥ፥ ጥቂት ልንልበት ወደድን።

አባቶቻችን ውጅግራ ያሉት ጠመንጃ የፈረንሳይ ጦር እ.ኤ.አ. በ1874 የተቀበለው፥ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፥ የአፈሙዙም ስፋት 11 ሚሊሜትር የሆነ መሣሪያ ነው። ስሙም በፈረንሳይኛ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የመጣ ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1886 ለቤል የተባለውን፥ ብዙ ጥይት የሚጎርሰውን ጠመንጃ በተቀበሉ ጊዜ፥ አሮጌው ወደ ሌላ አገር ይሸጥ ጀመር፤ ወደ እኛም ብዙ ገባ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከተሰለፉት ጠመንጃዎች አንዱ እርሱ ነበር፤ ከ40 ዓመት በኋላም በአርበኞች እጅ ይገኝ ነበር።

አሮጌውን ማደስ የድኻ አገር ብልሃት ብቻ እንዳይመስለን። ፈረንሳዮች ራሳቸው በወረቀት ጥይት ይተኩስ የነበረውን ሻስፖ በናስ ቀለህ እንዲተኩስ ለውጠው ውጅግራ አደረጉት። እንግሊዞችም በአፈሙዙ ይጎርስ የነበረውን ኤንፊልድ ከኋላው እንዲጎርስ አድርገው ስናይደር አሰኙት፤ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመቱትም ይህንኑ ይዘው ነው። ልዩነቱ እነርሱ በፋብሪካ፥ የእኛዎቹ በወናፍና በሞረድ በየቤታቸው መሥራታቸው ነው።

ሰደፉ ሲሰነጠቅ በእርጥብ ጠፍር ይታሰራል፤ ጠፍሩም ሲደርቅ ተኮማትሮ እንጨቱን አጥብቆ ይይዘዋል። የባሩድ ጥላሸት ብረቱን እንዳይበላው አፈሙዙ ታጥቦ ይቀባል። የተተኮሰ ቀለህ ተለቅሞ ባሩድና እርሳስ እንደ ገና ይሞላል። ባለ ጠመንጃውም የቻለ እንደ ሆነ ሰደፉን በብር ያስለብጠዋል።

ነገር ግን ጠመንጃው ሲከበር ባለ እጁ ይናቅ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው «ቡዳ» እየተባለ ከጋብቻና ከማኅበር ይገለል ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው፥ ነውሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያስረዳል።

በዛሬውም ጊዜ ከአያቱ የወረሰውን ጠመንጃ አዲስ ለማስመሰል ጠፍሩን ፈትቶ የሚጥል፥ እንጨቱንም ፍቆ በቫርኒሽ የሚቀባ አይጠፋም። እንዲህ ያለው እድሳት የባለ እጁን ፊርማ መፋቅ ነው። ያ ሰው ስሙን በመጽሐፍ አላጻፈምና፥ የተወልን ጽሑፍ ያ ጠፍርና ያ የሞረድ ምልክት ብቻ ነው። ስለዚህ ዝገቱ እንዳይስፋፋ በዘይት ማሸት ይበቃል፤ ጥገናው እንዳለ ይቆይ። የጠጋኙም ስም በቤተ ሰቡ ዘንድ የሚታወቅ ከሆነ፥ ከተኳሹ ስም አጠገብ ይጻፍ።