ሁለቱ ዕቀባዎች

“ዕቀባ” የሚለው ቃል ምንጩ “ዐቀበ” የተባለው የግዕዝ ግስ ነው፤ ትርጉሙም ጠበቀ ማለት ነው። በቤተ መንግሥት ታሪክ “ዐቃቤ ሰዓት”፣ በፍርድ አደባባይ “ዐቃቤ ሕግ”፣ በመንግሥታት ግንኙነት ደግሞ “ማዕቀብ” የሚባሉት ሁሉ ከዚሁ ግስ የወጡ ናቸው። በእነዚህ ሁሉ ዘንድ ጠባቂ አለ፤ የሚጠበቅም ነገር አለ። ቃሉ ወደ ፊዚክስ ሲሻገር ግን ጠባቂው ይቀራል። የፊዚክስ ሊቅ ስለ ጉልበት ዕቀባ ሲናገር ጉልበት እንደማይፈጠርና እንደማይጠፋ ይመሰክራል እንጂ ማንም እንዲጠብቀው አያዝም። የግብርና ባለሙያ ስለ አፈርና ውኃ ዕቀባ ሲናገር ደግሞ አፈሩ እየጠፋ ስለሆነ ጠብቁት ማለቱ ነው። አንድ ቃል ለእነዚህ ሁለት ተቃራኒ ለሚመስሉ ሐሳቦች መጠሪያ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት ከወሎ ተራሮች እስከ አሶሳና መተከል ቆላ ያለው የዓባይ ተፋሰስ ታሪክ ጥሩ ማስረጃ ይሰጣል።

በቅድሚያ የሳይንሱን መንገድ እንመልከት። ፈረንሳዊው ላቩዋዚዬ እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው የኬሚስትሪ መጽሐፍ፣ ቁስ መልኩን ይለውጣል እንጂ መጠኑ ከለውጡ በፊትም ሆነ በኋላ እኩል እንደሆነ አስረዳ። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ማየር ወደ ጃቫ በተጓዘ መርከብ ላይ ሲያገለግል የመርከበኞቹ የደም ሥር ደም በሞቃቱ አገር ይበልጥ ቀልቶ በማየቱ ስለ ሙቀትና ሥራ ዝምድና ማሰላሰል ጀመረ፤ ሐሳቡንም እ.ኤ.አ. በ1842 አሳተመ። በዚያው ዘመን የማንችስተሩ ጠማቂ ጁል፣ ወደ ታች በሚወርድ ክብደት አማካይነት ውኃ ውስጥ መቅዘፊያ እያሽከረከረ የውኃውን ሙቀት መጨመር ለካ። ሄልምሆልትዝም እ.ኤ.አ. በ1847 ሕጉን በሒሳብ አደራጀው።

ሁለተኛው ትርጉም የመጣው ከተጎዳ መሬት ነው። በአሜሪካ ሜዳዎች አፈሩ በነፋስ እየተጠረገ ሰማዩን ባጨለመበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1935፣ የአገሪቱ ምክር ቤት የአፈር ዕቀባ ሕግ አወጣ። የላቩዋዚዬ ሕግ ግን በዚያ አቧራ ውስጥም አልተሻረም፤ ከምድር የተነሣው አፈር አንድ ቅንጣት ሳይጎድል ሌላ ቦታ አርፏል። የጠፋው የአፈሩ መጠነ ቁስ ሳይሆን አፈሩ ከገበሬው፣ ከዘሩና ከዝናቡ ጋር የነበረው ቅንብር ነው።

በኢትዮጵያም የሆነው ይኸው ነው። በ1973 ዓ.ም. የአፈር ዕቀባ ምርምር ፕሮጀክት ሥራውን ከጀመረ በኋላ፣ ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ በደጋው የሚታረስ መሬት ላይ በየዓመቱ በአማካይ 42 ቶን አፈር ከእያንዳንዱ ሄክታር እንደሚታጠብ ገመተ። ከወሎ በስተምዕራብ ያለው አፈር በበሽሎ በኩል ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ ዓባይም ጎጃምን ዞሮ በመተከልና በአሶሳ መካከል ወደ ሱዳን ያልፋል።

አፈሩን ሰዎች ተከተሉት። ቀደም ሲል በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሶሳ የተጀመረው ሰፈራ ከ1977 ዓ.ም. ረኀብ በኋላ በእጅጉ ሰፋ። በመላ አገሪቱ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ ብዙው ከወሎ፣ በዚያን ጊዜ በወለጋ ሥር ወደነበረው አሶሳ፣ በጎጃም ሥር ወደነበረው የመተከሉ ፓዌና ወደ ሌሎች ቦታዎች ተጓዘ፤ በፈቃዱ የሄደ ነበረ፣ ያለ ፈቃዱ የተጫነም ነበረ። ሰፋሪው የደረሰበት ምድር ባዶ አልነበረም። በርታና ጉሙዝ መሬቱን ለጥቂት ዓመታት ቆፍረው ከዘሩበት በኋላ ለረጅም ጊዜ ያሳርፉት ነበር፤ ይህም ስም ያልተሰጠው ዕቀባ ነው። የሽመሉ ደን ለቤትና ለእርሻ ሲመነጠር፣ መሬቱም ዕረፍት ሲያጣ፣ ወሎን ያራቆተው ሂደት በቆላውም እግሩን ተከለ።

በዚሁ ዘመን በደጋው በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር ሰፊ የእርከንና የተከላ ሥራ ተከናወነ። ይሁን እንጂ በ1982 እና በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ሥልጣን ሲላላ፣ በብዙ ቦታዎች እርከኑ ፈረሰ፣ የተከለለውም ዛፍ ተቆረጠ። ገበሬው ሳይመክርበት የተሠራ እርከን ያሠራው ሲሄድ ጠባቂ አልነበረውም። የተፈጥሮ ሕግ ጠባቂ አይፈልግም፤ የተፈጥሮ ጥበቃ ግን ያለ ባለቤት ለአንድ ክረምትም አይቆምም።

ሁለቱ ትርጉሞች በግልጽ የሚገናኙት ጉባ ላይ ነው። ከ1950 እስከ 1956 ዓ.ም. የዓባይን ተፋሰስ ያጠኑት የአሜሪካ መሐንዲሶች በድንበሩ አጠገብ ግድብ እንዲሠራ ሐሳብ አቅርበው ነበር። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጣለ፤ የመጀመሪያው ተርባይን የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ጀመረ፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የመያዝና 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 100 ሜትር ሲወርድ 980,000 ጁል፣ ማለትም 0.27 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ጉልበት ይሰጣል። ውኃው ተርባይን ሳያገኝ በገደል ቢወድቅ ይኸው ጉልበት በሰበቃ ወደ ሙቀት ተለውጦ ውኃውን 0.23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ያሞቀዋል። ጉልበቱ አልጠፋም፤ ሆኖም ያን ኢምንት ሙቀት ሰብስቦ አንዲት አምፖል የሚያበራበት ሰው የለም። ስለዚህ የማይጠፋ ነገር ሁሉ የሚጠቅም ነገር አይደለም። ጥቅሙ የሚገኘው በከፍታውና በቅንብሩ ነው፤ ይህም ደግሞ ይባክናል። ክላውዚየስ እ.ኤ.አ. በ1865 “ኢንትሮፒ” ብሎ የሰየመው መጠን ይህን መባከን የሚለካ ነው።

የአፈሩም ነገር እንዲሁ ነው። ዓባይ በየዓመቱ ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ወደ ድንበሩ እንደሚያደርስ ይገመታል። ከድንበሩ ማዶ በሱዳን እ.ኤ.አ. በ1966 የተጠናቀቀው የሮዛሪስ ግድብ፣ በኋላ ከፍታው እስኪጨመርለት ድረስ ከውኃ መያዣው ከሦስት እጅ አንዱ በላይ በደለል ተሞልቶ ነበር። ደጋው ያጣውን አፈር ግድቡ ሳይወድ ዐቅቦታል፤ አፈሩ በደጋው ማሳ ሀብት ነበረ፣ በግድቡ ውስጥ ግን ዕዳ ሆነ።

በአሶሳ ዙሪያ የቀረው ሽመል ሁለቱን ዕቀባዎች አስተባብሮ ያሳያል። ሽመል ከብዙ ዓመታት በኋላ በሰፊ አካባቢ በአንድነት ያብባል፤ ካበበም በኋላ ይደርቃል። ቁሱ ወደ መሬት ይመለሳል፤ ይህ የማይሻረው ሕግ ነው። ዘሩ በቅሎ ደን መሆን አለመሆኑ ግን በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ውስጥ ቡቃያውን ከእሳትና ከከብት የሚጠብቅ ሰው በመኖር አለመኖሩ ይወሰናል። እንግዲህ የጉባን ግድብ ዕድሜ የሚያሰላ መሐንዲስ የኮንክሪቱን ጥንካሬ ብቻ ቢለካ ሒሳቡ ጎዶሎ ይሆናል። በበሽሎ ዳርቻ የሚጠበቀውን እርከን፣ በአሶሳ የሚተርፈውን የሽመል ቡቃያ፣ እነዚህንም የሚጠብቀውን ገበሬ ፈቃድና ጥቅም ከሒሳቡ ሊያስገባ ይገባዋል።