ልዑል ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታና የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል

የአገራችን መኳንንት የጦር ሙያ ከፈረስና ከጋሻ ጋራ የተያያዘ መሆኑ የታወቀ ነው። ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማችና ግራዝማች የተባሉት ማዕርጎች ሁሉ በየብስ የሚሰለፍ ሠራዊትን ያመለክታሉ። ምጽዋ በ16ኛው መቶ ዓመት በኦቶማን ቱርኮች እጅ ከወደቀች ወዲህ ለባሕር የሚሆን ማዕርግ የሚያስፈልግበት ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ ከመሳፍንት ወገን ተወልደው የባሕር መኮንን የሆኑትን የልዑል እስክንድር ደስታን ሕይወት ስንመረምር፣ ጥያቄያችን ትውልዳቸው ምን ሰጣቸው፣ ምንስ ነሣቸው የሚል ነው።

ልዑል እስክንድር በ1926 ዓ.ም. ከልዕልት ተናኘወርቅ ኃይለ ሥላሴና ከራስ ደስታ ዳምጠው ተወለዱ። አባታቸው በደቡብ ጦር ግንባር ከተዋጉ በኋላ በዱር በገደል መከላከላቸውን ቀጥለው፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በጣልያኖች እጅ ተይዘው ተገደሉ። ልጁ ያን ጊዜ ሦስት ዓመት አልሞላቸውም። ትምህርታቸውንም በእንግሊዝ አገር ተከታተሉ።

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋራ ስትቀላቀል አገሪቱ የባሕር ጠረፍ አገኘች። ባሕር ኃይሉም በ1947/48 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ዋና ሠፈሩ ምጽዋ ሆነ፤ በማደራጀቱና በማሠልጠኑም የኖርዌይ መኮንኖች ረዱ። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተገኘችውና «ኢትዮጵያ» የተባለችው፣ ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል የሆነ መርከብ ዋና መርከብና የልምምድ ትምህርት ቤት ሆነች። ልዑል እስክንድር በዚህ አዲስ ኃይል በምክትል አዛዥነት እስከ ሪር አድሚራልነት ደረሱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባናል። በባሕር ኃይል ኮሌጅ ለመኮንንነት የሚሰጠው ትምህርት 52 ወር ይፈጅ ነበር። ስለዚህ በአንድ ኃይል ውስጥ ሁለት ልዩ ልዩ የሹመት መንገዶች ጎን ለጎን ቆሙ፤ አንደኛው በትምህርትና በፈተና የሚወጡት ደረጃ፣ ሁለተኛው የዘውድ ቤተሰብነት። ልዑሉ የባሕር ሙያ ይኑራቸውም አይኑራቸው፣ የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ መሆናቸው ሹመታቸውን ከሙያቸው ለይቶ ማየትን አስቸጋሪ አደረገው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የሠራዊቱ እንቅስቃሴ በተነሣ ጊዜ የምጽዋ ባሕረኞችም አብረው መነሣታቸው ከዚህ ተለይቶ የሚታይ አይመስለንም።

ከዚያ በኋላ ልዑሉ ታሠሩ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድን፣ ልጅ እንዳልካቸው መኮንንንና ራስ አስራተ ካሳን ጨምሮ 60 ያህል ሰዎችን ያለ ፍርድ ሲገድል እሳቸውም አብረው ተገደሉ። ዕድሜያቸው 40 ነበር። አባት በባዕድ ጠላት፣ ልጅ በገዛ ወገን እጅ ወደቁ። ዐፅማቸው ከጅምላ መቃብር ወጥቶ በክብር ያረፈው በ1984 ዓ.ም. ነው።

ዋና መርከቧም በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሸሽታ በኋላ ለብረት ተሸጠች። አገሪቱ ከ1985 ዓ.ም. የኤርትራ ነጻነት ወዲህ ያለ ጠረፍ ቀረች፤ ባሕር ኃይሉን እንደገና ለማቋቋም የታሰበውም በ2010 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ ትውልድ ለልዑል እስክንድር ማዕርጉን ቢያቀርብላቸው፣ በሥራቸው የመመዘንን ዕድል ግን ነሥቷቸዋል። ፍርድ ቤት ቢቀርቡ ኖሮ እንደ መኮንን ያደረጉት በጎና ክፉ ተለይቶ በመዝገብ በቀረ ነበር። ያለ ፍርድ የሚፈጸም ቅጣት ሰውን ብቻ ሳይሆን ስለ ሰው የሚኖረንን እውቀትም ያጠፋልና፣ የታሪክ ተማሪ ይህን ጉዳት ሊያስበው ይገባል።