ዋሻ ሚካኤል ላይ ስልኬን የዘጋሁበት ቀን

ቦሌ ነው ያደግሁት። «ዱር» ሲባል የሚታየኝ አዋሽ እንጂ የካ አልነበረም። አዋሽ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1966፣ የሰሜን ተራሮች ደግሞ በ1969 ሲቋቋሙ፣ አውሬና ወፍ የሚጎበኘው ከከተማ ርቆ ነው የሚል ነገር አብሮ በአእምሯችን የተተከለ ይመስለኛል። ሳላ ለማየት መኪና ተከራይተን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ እንነዳለን፤ ጓሯችን ያለውን ግን ዞር ብለን አናይም።

አንድ ቅዳሜ በመገናኛ በኩል ወደ የካ ተራራ ወጣሁ። መንገዱ ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረው ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ሲጨፈጨፍ ብዙም አልቆየ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ቤተ መንግሥት እስከ ማሠራት ደርሰው ነበር። ከተማዋን ከመፈታት ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው፣ ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ውለታው አይካድም። ከሥሩ ግን ብዙ ነገር አይበቅልም፤ ወፉም ያንሳል።

ዋሻ ሚካኤል ስደርስ ድምፁ ተለወጠ። ከዐለት የተፈለፈለውን ይህን ቤተ ክርስቲያን የአካባቢው ሰው የአብርሃና አጽብሐ ሥራ ነው ይላል፤ አጥኚዎች ወደ መካከለኛው ዘመን ያመጡታል። እዚያ ከቀሩት ጥዶች መሐል አንዲት ግራጫ ወፍ ትዘምራለች። ከኢትዮጵያ በቀር ሌላ አገር የሌላት ወፍ ናት። ፎቶ ላነሳት ፈልጌ የራሷን ድምፅ ከስልኬ አጫወትኩ። ወዲያው መጣች፤ ክንፏን እያርገፈገፈች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ዘለለች። ደስ አለኝ።

«ምን እያረግህ ነው ልጄ?» አሉኝ አንድ አዛውንት፣ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ።

«እየጠራኋት ነው አባ።»

«አልጠራሃትም፤ አታለልካት። ሌላ ወፍ ቤቷን ሊነጥቃት የመጣ መስሏት እኮ ነው! ጎጆዋን ጥላ ነው የመጣችው።»

ስልኬን ዘጋሁ። መልስ አልነበረኝም።

ቆይቼ ሳስበው፣ እነዚያ ጥዶች የተረፉት በሽቦ አጥር አይደለም። «እዚህ አይቆረጥም፣ እዚህ አይጮህም» የሚል ሰው ስላልጠፋ ነው። ስለ ጥበቃ የወጡት አዋጆች ሁሉ ከመጻፋቸው በፊት የደብር ዛፍ ሕግ ነበረው፤ ጎብኚውም ጫማውን አውልቆ ነበር የሚገባው።

ስመለስ ደረቅ ቅጠል በጀርባቸው የተሸከሙ እናቶች አገኘሁ። ለእነሱ ጫካው የዕለት እንጀራ ነው፤ ለእኔ ግን የቅዳሜ መዝናኛ። መንገዱን ለቅቄ ቆምኩላቸው። ላስቲኬን በኪሴ ይዤ ወረድኩ።

አሁን ስሄድ መነጽር ብቻ እይዛለሁ። ተቀምጬ እጠብቃለሁ። አንዳንዴ ትመጣለች፣ አንዳንዴ ትቀራለች።